ቨርችዋል ሜሞሪ ከጠፋ ወዲህ ፎቶሾፕ በራሱ ይዘጋል፤ ራሙ ግን አልሞላም። ምን ይሻላል?

ከዚራ ፎቶ

እንደምን ዋላችሁ የድሬ ልጆች። ከዚራ ሰፈር ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። የሠርግ አልበም፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ ባነር፣ የመጣው ሁሉ በአንድ ዴስክቶፕ ነው የሚወጣው። ዊንዶውስ 10 ነው፤ ራሙ 8 ጂቢ፣ ሃርድ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ነው። ፈጣኑ አዲስ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ፣ የለውም።

ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍብን ባለሙያ አስጠራን። አቧራውን አጸዳ፣ የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን አጠፋ፣ በመጨረሻ ቨርችዋል ሜሞሪውን (ራም ሲያንስ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ቦታ) ዘጋው። «ከእንግዲህ ዲስክ ላይ መመላለስ የለም፣ ሁሉም ነገር በራም ይሆናል» አለን። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ነበር። አሳንሼ የተውኩት ፕሮግራም ስመለስበት ወዲያው ይከፈት ጀመር።

ችግሩ የመጣው ሥራ ሲበዛ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ትልልቅ ፎቶዎች ተከፍተዋል፣ ክሮም ላይ ደንበኛ የላከው ኢሜይል አለ፣ ቴሌግራም ከጎን ነው። መጀመሪያ የክሮም ታቦች አንድ በአንድ ይሞታሉ። ቀጥሎ ፎቶሾፕ ምንም ሳይናገር ድርግም ይላል። ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ትናንት የአንዲት ሙሽራ አልበም ገጾች እንዲሁ ሄዱብን። ሰዎቹ ደግሞ ለመልሱ ይፈልጉታል።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው፦ ታስክ ማናጀር ራሙ 75 ፐርሰንት ነው የተያዘው ይላል። ሩቡ ባዶ ነው። ባዶ ቦታ እያለ ፕሮግራም ለምን ይዘጋል?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ሳቢያን ሰፈር ፕሪንት ቤት አለው። ኮምፒውተሩ 4 ጂቢ ነው። እሱም ሊያጠፋው አስቧል። ያጥፋው?

ነምበር ዋን

ራም ጨምሩ፣ አለቀ። እኔ 32 ጂቢ ነው ያለኝ፤ ፔጅ ፋይል (ባለሙያው የዘጋባችሁን ያንኑ የዲስክ ቦታ) ካጠፋሁ ቆይቻለሁ፣ ጌምም እጫወታለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ገንደ ቆሬ

እህቴ፣ ከመልሱ በፊት አንድ ቁጥር ልጠይቅሽ። ልክ እንደ ትናንቱ ሁሉንም ክፈቺ። ታስክ ማናጀር ግቢ፣ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ»። ከግራፉ በታች «ኮሚትድ» የሚል አለ። ሁለት ቁጥር በእዝባር ተለይቶ ተጽፏል። እሱን ላኪልኝ። 75 ፐርሰንቱን ለጊዜው ተይው።

ከዚራ ፎቶ

አሁን አየሁት። «ኢን ዩዝ» 5.9 ይላል። ኮሚትድ ደግሞ 7.7/7.9 ነው። ይህን እየጻፍኩ እያለ አንድ የክሮም ታብ ሞተ።

ገንደ ቆሬ

አቦ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ይሄ ምክር በየቪዲዮው እየዞረ ብዙ ሰው እየጎዳ ነው።

አንድ ፕሮግራም ሜሞሪ ሲፈልግ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ዊንዶውስን «ይህን ያህል ያዝልኝ» ይለዋል። ዊንዶውስም እሺ ብሎ ቃል ይገባል። ፕሮግራሙ ግን የተያዘለትን ሁሉ ወዲያው አይነካውም። ፎቶሾፕ 3 ጂቢ አስይዞ 2ቱን ብቻ ሊጠቀም ይችላል። ክሮምም ለእያንዳንዱ ታብ ከሚያስፈልገው በላይ ያስይዛል። «ኢን ዩዝ» የሚለው አሁን በእውነት የተያዘውን ራም ነው። «ኮሚትድ» የሚለው ደግሞ ቃል የተገባውን ነው።

ዊንዶውስ ቃል ሊገባ የሚችለው ጣሪያ አለው። ጣሪያው ራሙና ፔጅ ፋይሉ ተደምረው ነው። ፔጅ ፋይሉ ሲጠፋ ጣሪያው ራሙ ብቻ ይሆናል። ያንቺ 7.9 እሱ ነው። ዊንዶውስ መጠበቅ የማይችለውን ቃል አይገባም። ስለዚህ 7.9 ላይ ሲደርስ ለሚመጣው ሁሉ «የለም» ይላል፤ ራሙ ላይ 2 ጂቢ ያልተነካ ቢኖርም።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ አስቢ። ከመነሳቱ በፊት ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ትኬቱ ግን ተሽጦ አልቋል። ወንበር እያየሽ ትኬት የለም ትባያለሽ። ፔጅ ፋይል የሚያደርገው ትኬት የሚሸጥበትን ቁጥር ማብዛት ነው። ሁሉም ባለ ትኬት ስለማይመጣ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ጭራሽ አይነካም።

«የለም» የተባለ ፕሮግራም ምን ያደርጋል? እንደየአሠራሩ ነው። ክሮም ታቡን ይጥላል። አንዳንዱ ስህተት ብሎ ያሳውቃል። ሌላው ደግሞ እንደ ፎቶሾፕሽ ድርግም ብሎ ይዘጋል። አንቺ ያየሽው ይሄንን ነው። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፣ ፎቶሾፑም ደህና ነው።

ነምበር ዋን

ታዲያ ጣሪያው 32 ከሆነ እኔ ምን ቸገረኝ? ኮሚትድ ከ20 በላይ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ገንደ ቆሬ

አንተ ጋ ላይቸግር ይችላል፤ ልክ ነህ። የሥራህ ጣሪያ ከራምህ ጣሪያ በታች ነው። እኔ የምቃወመው ያንተን ምርጫ ለ8 ጂቢ ማሽን መምከሩን ነው። ደግሞ አንድ ነገር አጥተሃል፤ ብሉ ስክሪን ቢመጣብህ ምክንያቱን የሚናገር ፋይል አይቀመጥም። ዊንዶውስ ሲወድቅ የሜሞሪውን ይዘት የሚጽፈው በፔጅ ፋይሉ በኩል ነው። እሱ ከሌለ ሪስታርት አድርጎ ዝም ይላል። ራሙ ይሁን ድራይቨሩ የሚታወቅበት መንገድ ይጠብባል።

ነምበር ዋን

እሱን አላሰብኩትም ነበር። የኔ እንዳለ ይቀጥላል፤ ለ8 ጂቢ ግን እኔም አልመክርም።

መምህር

ገንደ ቆሬ ጥሩ ገልጾታል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ስሙ ራሱ ሰው ስለሚያሳስት።

እናንተ ያጠፋችሁት ቨርችዋል ሜሞሪን አይደለም። እሱ አይጠፋም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የሆነ የአድራሻ ቦታ ይሰጠዋል። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም እንደ ደንቡ 2 ጂቢ፣ ባለ 64 ቢት ደግሞ በዛሬው ዊንዶውስ እስከ 128 ቴራባይት። ፕሮግራሙ የሚያየው አድራሻ የራሙ እውነተኛ አድራሻ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ በመሃል ገብቶ ያዛምደዋል። አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ የማያበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። በሴቲንጉ የሚጠፋው ፔጅ ፋይሉ ብቻ ነው፤ ማለትም ሲ ድራይቭ ላይ ተደብቆ የተቀመጠው ትልቅ ፋይል።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለ ኮምፒውተር ላይ ነው በሚገባ የተሠራው። ያኔ ፈጣኑ ሜሞሪ እጅግ ውድ ነበር። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው የትኛው ክፍል ፈጣኑ ሜሞሪ ላይ፣ የትኛው ከበሮ በሚመስለው ማከማቻ ላይ እንደሚቀመጥ በእጁ ያዘዋውር ነበር። አትላስ ያንን ሥራ ከሰው ትከሻ ላይ አወረደ። ወደ እኛ ጠረጴዛ የደረሰው ኢንቴል በ1985 ባወጣው 386 ፕሮሰሰርና በ1990 በወጣው ዊንዶውስ 3.0 ነው። ተማሪዎቼ «ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ ራም ስለበዛ አያስፈልግም» ሲሉ ቅር ይለኛል። ራሙ በበዛ ቁጥር ፕሮግራሙም የሚያስይዘው እየበዛ ነው የሄደው።

ለገሀሬ

እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ፔጅ ፋይል አጥፍቼም የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቆመም። ዲስክ ላይ መመላለስ የለም አልተባለም እንዴ?

ገንደ ቆሬ

ወንድሜ፣ ጥሩ አይተሃል።

ራም ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው ፕሮግራሙ ራሱ የፈጠረው ነው፤ እየሠራህበት ያለው ፎቶ፣ ሴቭ ያላደረግከው ጽሑፍ። የዚህ ቅጂ ዲስክ ላይ የለም። ሁለተኛው ከፋይል የተነበበ ነው፤ የፕሮግራሙ ኮድ፣ የዊንዶውስ ላይብረሪዎች። የዚህ ዋናው ቅጂ ዲስኩ ላይ ስላለ ዊንዶውስ ጥሎት በኋላ መልሶ ሊያነበው ይችላል።

ፔጅ ፋይል ሲኖር ዊንዶውስ ይመርጣል። ከጠዋት ጀምሮ ያልተነካ የፕሮግራም ዳታ ካለ እሱን ወደ ዲስክ አውጥቶ፣ አሁን እየሠራህበት ላለው ቦታ ይለቃል። ፔጅ ፋይል ሲጠፋ ያን ዳታ የሚያወጣበት የለውም። ሥራ ፈት ቢሆንም ራም ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ስለዚህ ሲጨናነቅ የሚጥለው ሁለተኛውን ነው፤ አሁን የምትፈልገውን የፕሮግራም ኮድ ሳይቀር። ከዚያ መልሶ ያነበዋል፣ መልሶ ይጥለዋል። መብራቱ የሚበራው ለዚያ ነው።

እህታችን አሳንሼ የተውኩት ወዲያው ይከፈታል ያለችውም እውነት ነው። ያ ዳታ ከራም ስለማይወጣ ነው። ጥቅም ከተባለ ይሄ አንዱ ጥቅሙ ነው። ዋጋው ግን በሌላ በኩል ይከፈላል።

ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ዲስክ ከማውጣቱ በፊት ዳታውን እዚያው ራም ውስጥ ይጨምቀዋል። ዲስክ የሚነካበት ጊዜ ቀንሷል። የድሮውን የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ትዝታ ይዘን መወሰን የለብንም።

ሸዋ በር

ከሐረር ነኝ። የኔ ላፕቶፕ 128 ጂቢ ኤስኤስዲ ነው። ፔጅ ፋይል ኤስኤስዲን ይበላል፣ ዕድሜውን ያሳጥራል ስለተባልኩ አጥፍቼዋለሁ። ደግሞ ሲ ድራይቭ እየሞላ አስቸግሮኛል። ቦታም አተርፋለሁ ብዬ ነው።

መምህር

ስለ ዕድሜው፦ ማይክሮሶፍት በ2009 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 7ን ሊያወጣ ሲል የሰበሰበውን መረጃ ይፋ አድርጎ ነበር። ከፔጅ ፋይል የሚነበበው ከሚጻፍበት 40 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ኤስኤስዲን የሚያስረጀው መጻፍ እንጂ ማንበብ አይደለም። የሚነበበውም ባብዛኛው ትንንሽ ቁራጭ ነው፤ ትንንሽ ቁራጭ ከተበታተነ ቦታ ማንበብ ደግሞ የኤስኤስዲ ዋና ጉብዝናው ነው። ፔጅ ፋይልን ኤስኤስዲ ላይ ማስቀመጥ ይመከራል የተባለው ለዚህ ነው።

ገንደ ቆሬ

ስለ ቦታው እኔ ልመልስ። ከፔጅ ፋይሉ በፊት ሌላውን ፋይል እይ፤ ሃይበርኔት (ክፍት ሥራን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ማጥፋት) የሚጠቀምበትን። እሱም ሲ ድራይቭ ላይ ተደብቆ ነው ያለው። 8 ጂቢ ራም ካለህ ብዙ ጊዜ 3 ጂቢና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሃይበርኔት የማትጠቀም ከሆነ እሱን ማጥፋት ፕሮግራም አይዘጋብህም። ፈጣን አነሳሱ ግን አብሮ ይጠፋል፣ እሱን እወቅ። ቴሌግራም ደግሞ የወረዱ ቪዲዮዎችን ያከማቻል፤ ከሴቲንጉ ገብተህ ካሹን አጽዳ። እኔ ካየኋቸው ላፕቶፖች ብዙዎቹ ላይ ከፔጅ ፋይሉ የበለጠ ቦታ የያዘው እሱ ነው።

ሁለተኛ ዲስክ ካለህ ፔጅ ፋይሉን ወደዚያ ማዛወር ትችላለህ። ሲ ላይ ግን ትንሽ ተውለት፣ ያ የብሉ ስክሪን መረጃ እንዲጻፍ። ፍላሽ ላይ አይሆንም። እና ስታዛውር አንድ ነገር ልብ በል፤ ድራይቩንና መጠኑን ከመረጥክ በኋላ እዚያው ጎን ያለችውን ማጽደቂያ ቁልፍ ሳትጫን ኦኬ ካልክ ምርጫህ አይያዝም። ሰው ቀይሬዋለሁ ብሎ የማይቀየረው በዚህ ነው።

ሸዋ በር

ቴሌግራሙ ብቻ 11 ጂቢ ይዟል! ወላሂ አላሰብኩትም። አጽድቼ ፔጅ ፋይሉን መልሻለሁ።

አሸዋ ሰፈር

ኡቡንቱ ሊኑክስ የምንጠቀም ሰዎችስ? ስዋፕ፣ ማለትም የሊኑክሱን ፔጅ ፋይል፣ ሳላደርግ ነው የጫንኩት።

መምህር

ሊኑክስ ቃል ሲገባ ከዊንዶውስ ለቀቅ ይላል። ካለው በላይ ቃል ይገባል። ስለዚህ «የለም» የሚለው መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ነው። ራሙ በእውነት ሲያልቅ ሲስተሙ ራሱ አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ ትልቁን። ከዚያ በፊት ደግሞ ማውሱ እንኳ እስከማይንቀሳቀስ ሊደርቅ ይችላል፤ ለገሀሬ ባየው ምክንያት። ጥቂት ጂቢ የስዋፕ ፋይል አዘጋጅለት። ዲስክ መከፋፈል አያስፈልግም።

ከዚራ ፎቶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ገብቶኛል። እንዴት ነው የምመልሰው? የአክስቴን ልጅ ጥያቄም አትርሱት።

ገንደ ቆሬ

መጀመሪያ ሥራሽን ሴቭ አድርጊ። «ዲስ ፒሲ» ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ»። «ፐርፎርማንስ» በሚለው ስር «ሴቲንግስ»፣ እንደገና «አድቫንስድ»፣ ከታች «ቨርችዋል ሜሞሪ» ስር «ቼንጅ»። ከላይ ያለችውን «አውቶማቲካሊ ማኔጅ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጊባት። ኦኬ እያልሽ ውጪና ሪስታርት።

በዚህ አያያዝ ዊንዶውስ ሲያስፈልገው ያሳድገዋል። እስከ ራሙ 3 እጥፍ ወይም 4 ጂቢ፣ ከሁለቱ እስከሚበልጠው ድረስ፤ ግን ከድራይቩ ስምንተኛ እጅ እንዳያልፍ ይጠነቀቃል። ስለዚህ ሲ ላይ ባዶ ቦታ ተዪለት። «የራሙን አንድ ተኩል እጥፍ» የሚባለውን የድሮ ሕግ እርሺው፤ የሚወስነው ሥራሽ የሚያስይዘው መጠን ነው።

ፎቶሾፕ ለራሱ ሌላ የዲስክ ቦታ እንደሚጠቀም እወቂ፤ «ስክራች ዲስክ» ይለዋል። ከፔጅ ፋይሉ ጋር ግንኙነት የለውም። ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ ከሆኑ ግን ይሻማሉ። ሌላ ዲስክ ካላችሁ ስክራቹን ወደዚያ አድርጊው። «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ግቢና ለፎቶሾፕ የተፈቀደውን ራም እዪ። አንድ ሰው ወደ 90 ፐርሰንት ከፍ አድርጎት ከሆነ ወደ 60 ወይም 70 መልሺው።

የአክስትሽ ልጅ በምንም ዓይነት እንዳያጠፋው። 4 ጂቢ ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠይቀው ዝቅተኛው ልክ ነው። የእሱ ጣሪያ 4 ከሆነ ዊንዶውሱ፣ አንቲቫይረሱና አንድ ክሮም ብቻ ይደርሱበታል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ነው ፋይሉ የሚጠፋበት።

አንድ ማረጋገጫ ከፈለግሽ «ኢቨንት ቪውወር» ክፈቺ። «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ «ሲስተም»። ቁጥሩ 2004 የሆነ ማስጠንቀቂያ ፈልጊ። ሜሞሪ ሲያንስ ዊንዶውስ ሰዓቱንና በዚያች ደቂቃ ብዙ ያስያዙትን ፕሮግራሞች በስም ይጽፋል።

ለገሀሬ

እግረ መንገዴን፦ ባለሙያው አቧራውን ማጽዳቱ ጥሩ ነው፤ እሱን አታቃሉት። በእኛ ሙቀት፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው ሜሞሪ ነው ብሎ ሴቲንግ ይነካካል። ጠዋት ፈጣን ሆኖ ቀትር ላይ የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር ካላችሁ መጀመሪያ ፋኑን እዩ።

መብራት ሲሄድ ፔጅ ፋይል ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ያተርፋል የሚሉም አሉ። አያተርፍም። ዊንዶውስ ሲነሳ ይዘቱን እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ይኑራችሁ።

ከዚራ ፎቶ

መለስኩት። ኢቨንት ቪውወር ላይ 2004ቱን አገኘሁት፤ ትናንት ማታ ፎቶሾፕ የተዘጋባት ሰዓት ላይ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ፎቶሾፕና ክሮም በስም ተጽፈዋል።

አሁን ያንኑ አልበም ከነሙሉ ፎቶዎቹ ከፍቼ ኮሚትዱ 9.6/11.8 ይላል። ክሮምና ቴሌግራምም ክፍት ናቸው። የሞተ ታብ የለም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ግን ትንሽ ያስጠብቃል፤ ዲስኩ ሲሠራ ይሰማኛል።

ገንደ ቆሬ

የሚያስጠብቅሽ ሃርድ ዲስኩ ነው። 9.6 ከራምሽ በላይ ስለሆነ፣ ፕሮግራሞቹ ያስያዙትን ሲነኩ የተወሰነው ወደ ዲስክ ይወጣል። ገንዘብ ስታገኙ መጀመሪያ ራሙን 16 አድርጉት፣ ቀጥሎ ዊንዶውሱን ኤስኤስዲ ላይ አዛውሩት። ታስክ ማናጀር ላይ እዚያው «ሜሞሪ» ገጽ «ስሎትስ ዩዝድ» እና «ስፒድ» ይላል። ምን ይላል?

ከዚራ ፎቶ

ስሎት (የራም መሰኪያ) ከ2 አንዱ ተይዟል። ስፒድ 1600።

ገንደ ቆሬ

1600 ከሆነ ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት ነው። ዲዲአር4 ጭራሽ አይገባም፤ ስንጥቁ ያለበት ቦታ ይለያያል። የዴስክቶፕ 8 ጂቢ ዲዲአር3 ጠይቂ፤ የላፕቶፕ አጭር ስለሆነ እንዳይሰጡሽ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያገለገለ ታገኛለሽ። ያለውን ነቅለሽ ይዘሽ ሂጂና አስተያዪ። ከገዛሽ በኋላ ከስታርት «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብለሽ አስፈትሺው፤ ካልሠራ እንዲመልሱልሽ ከመክፈልሽ በፊት ተስማሚ።

ከዚራ ፎቶ

እሺ። አልበሙን ዛሬ አስረክባለሁ፤ ከቀትር በኋላ ሱቆች ሲከፍቱ ታይዋን እወርዳለሁ። ለአክስቴ ልጅም ይህን ገጽ ልኬለታለሁ፤ አላጠፋም ብሏል።